ሃያ ዘጠኝ ሳንቲሜትር

ቲቸር ዓለሙን መጀመሪያ ያወቅኩት በጣቴ ነው። እየቀለድኩ አይደለም፤ የቀኝ እጄ ሌባ ጣት እስከ ዛሬ ድረስ በደንብ አይታጠፍልኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሪያድ ውስጥ ትልልቁ ሕንፃ ሁሉ በክሬን ይሠራል፤ የቪላ አጥርና ቤት ላይ የሚጨመር ክፍል ግን በእኛ ክንድ ነው የሚወጣው። አንዱ መሬት ላይ ቆሞ ጡብ ይወረውራል፤ ሌላው ሰቃላ በምንለው የብረት መወጣጫ ላይ ቆሞ ይቀልብና ለግንበኛው ያቀብላል። እኔ ሙሀባው ቀላቢ ነኝ። ስድስት ዓመት ቀልቤያለሁ። ሙሀባው ጡብ ጣለ የሚል ሰው ካለ ይምጣና ፊት ለፊቴ ይናገር።

የድሮው ወርዋሪያችን ጅዳ ሥራ አገኘና ሄደ። በማግስቱ ሙቃዊሉ፣ ሥራውን በኮንትራት የያዘው ሰውዬ ማለቴ ነው፣ በፒካፑ አንድ አዲስ ሰው ይዞልን መጣ። መነጽር ያደረገ፣ ወደ አርባ ስድስት ዓመት የሚጠጋው፣ ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ የከተተ ሰው። ጡብ ሊወረውር ሸሚዝ ሱሪ ውስጥ! ሲሚንቶ የሚያቦካው ወንዶሰን አየት አደረገውና «ይሄ ሰውዬ ስብሰባ አለው እንዴ?» አለኝ።

እኔ ግን አሳዳጊዬን ላለማሰደብ «እንደምን አደሩ ጋሼ» አልኩት። ደሴ ላይ አስራ አራት ዓመት ፊዚክስ ያስተማረ መሆኑን ሲነግረን ደግሞ አንቱታዬ ጨመረ። በሹፌርነት ቪዛ ነው የመጣው፤ እዚህ ሲደርስ በስሙ ያስመጣው ሰውዬ የሚነዳ መኪና አልነበረውም። ኸላስ፣ ሹፌርነቱ እዚያው ቀረ። ጡቡን አነሳና «ዝግጁ ነዎት?» አለኝ። እሱም አንቱ አለኝ! «ዝግጁ ነኝ፣ ይወርውሩ» አልኩት። ወረወረ። ጡቡ እንደተተኮሰ ነገር መጥቶ ጓንቴ ውስጥ ያለችውን ጣቴን ቀጠቀጣት። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ አንቱታው ቀረ።

«አንተ ሰውዬ! ልትገድለኝ ነው የመጣኸው?»

«ይቅርታ፣ ይቅርታ ወንድሜ! እንዳያጥርብህ ብዬ ነው።»

«ጡብ እንዲህ አይወረወርም! እጄ ላይ ሲደርስ መቆም አለበት። ልመለስ ወይስ ልቆይ ብሎ ሲያመነታ ነው እኔ ላፍ የማደርገው። ያኔ ምንም ክብደት የለውም።»

ሰውዬው መነጽሩን አውልቆ ቆሞ ቀረ። «ክብደትማ አለው» አለ ቀስ ብሎ። «የሌለው ፍጥነት ነው። ከፍተኛው ነጥብ ላይ ፍጥነቱ ዜሮ ነው።» ከዚያ ጭንቅላቱን ያዘ። «አስራ አራት ዓመት ሰሌዳ ላይ ጻፍኩት እኮ! አስራ አራት ዓመት!»

እኔ ጣቴን እየጠባሁ ነው፣ እሱ በደስታ ሊያብድ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ምን ይደረጋል? በሁለተኛው ቀን ጡቡ እጄ ላይ መጥቶ ቁጭ ማለት ጀመረ። በሳምንቱ ጀራዲያ ሰፈር ያለችው ክፍላችን ውስጥ አልጋ ለቀቅንለት፤ እኔ፣ ወንዶሰንና ቲቸር ሦስት ሆንን።

ምሳ ሰዓት ላይ አያርፍም። አስተማሪ ሰው ተማሪ ካላገኘ የሚታመም ይመስለኛል። «ሙሀባው፣ ጡቡ ከእጄ ከወጣ በኋላ ምን ይገፋዋል?» ይለኛል ሩዝ እየጎረሰ።

«ያንተ ጉልበት ነዋ።»

«ተሳሳትክ! የእኔ ጉልበት እጄ ላይ ቀርቷል። ከተለቀቀ በኋላ የሚገፋው የለም። የተሰጠውን ፍጥነት ይዞ ይሄዳል፤ ምድር ደግሞ በየሰከንዱ አሥር አሥር ትቀንስበታለች።»

«ምድርም ሙቃዊል ናት በለኛ» አልኩት። ወንዶሰን ሩዙን ተፋው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ቲቸር ሳምራዊት የምትባል ልጅ አለችው። አስራ ሁለተኛ ክፍል ናት፤ የመልቀቂያ ፈተናዋ አምስት ሳምንት ቀርቶታል። በየማታው ከመግሪብ ሶላት በኋላ በኢሞ ይደውልላትና ፊዚክስ ያስጠናታል። ችግሩ ምን መሰላችሁ? ልጅቷ አባቷ ሪያድ ውስጥ በትልቅ ትምህርት ቤት የሚያስተምር ነው የሚመስላት። ዑለያ፣ ፎቆቹ መሃል፣ ሊፍት ባለው ሕንፃ ውስጥ! ማስረጃ የሚሆን ፎቶም ልኮላታል። ፎቶውን ያነሳሁት እኔ ነኝ። ኮቱ የወንዶሰን ነው፤ እጅጌው ስላጠረው ክንዶቹን ከኋላው ደብቆ ነው የቆመው። የሆነ አገር ሚኒስትር መስሎላችሁ ነበር።

እኔንም አልማረኝም። አንድ ማታ እያወሩ ሳለ ከኋላው ሳልፍ ልጅቷ ስክሪኑ ላይ አየችኝና «አባዬ፣ ማነው?» አለች። «ሙሀባው ነው» አላት ሳያፍር። «የላብ ቴክኒሺያናችን።» እኔ እኮ ከስድስተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት! ስልኩን ሲዘጋ ተነሳሁበት። «ቲቸር፣ ላብስ እውነትህን ነው፣ ከጧት እስከ ማታ አለኝ። ግን ለምን ትዋሻለህ? ጡብ መወርወር ሌብነት ነው?»

መልሱን ሲነግረኝ ግን አፌን ያዝኩ። ከአገር ሊወጣ ሲል ልጅቷ በር ላይ ቆማ እንዲህ ብላው ነበር፦ «አባዬ፣ እዚያ ሄደህ የጉልበት ሥራ የምትሠራ ከሆነ ደብተሬን አስቀምጬ እከተልሃለሁ። አንተ እየተሸከምክ እኔ ቁጭ ብዬ አልማርም።»

«ልጅ ብዙ ነገር ይላል» አልኩት።

«ሳምሪ ያለችውን ታደርጋለች። ዘጠኝ ዓመቷ እያለ እናቷ ታማ ነበር፤ ትምህርት ቤት አልሄድም ብላ ሁለት ወር አልጋዋ ሥር ተቀመጠች። እኔ አስተማሪው አባቷ ለምኜ ነው የመለስኳት። አሁን ደግሞ ሐኪም ልትሆን ነው የምታጠናው። ፈተናውን ትጨርስ፣ ከዚያ ራሴ እነግራታለሁ።»

እሺ አልኩ። ከዚያ በኋላ የላብ ቴክኒሺያን ሆኜ ኖርኩ። ሰላም ስትለኝ ድምፄን ጎርነን አድርጌ «ሙከራው ደህና እየሄደ ነው» እላታለሁ።

ታዲያ ቲቸር የሚያወጣላት ጥያቄ ሁሉ ስለ ጡብ ነው። ኳስ የለ፣ መድፍ የለ፣ ሁሌ ጡብ! አንድ ማታ እንዲህ ሲላት ሰማሁ፦ «ሦስት ኪሎ የሚመዝን ጡብ አለ። ሠራተኛው ከጉልበቱ እስከ ደረቱ፣ ስድሳ ሳንቲሜትር ያህል፣ ቀጥ አድርጎ ወደ ላይ ይገፋውና በስድስት ሜትር በሰከንድ ይለቀዋል። አክስለሬሽኑ ስንት ነው? እጁ ያሳረፈበት ፎርስስ?»

ደብተሯ ላይ አሰላችና «አክስለሬሽኑ ሠላሳ። ሦስት ጊዜ ሠላሳ፣ ዘጠና ኒውተን» አለች።

ቲቸር ተማሪ ሲሳሳት ዝም ይላል፤ ራሱ እንዲያገኘው ነው። እኔ ግን አላስቻለኝም። ያቺን ሂሳብ ሳምንቱን ሙሉ ምሳ ላይ ሲያስደግመኝ ነው የከረመው። «መቶ ሃያ!» ብዬ ካልጋዬ ላይ ጮህኩ። «ክብደቱን ረሳሽው! ለመሸከሙ ብቻ ሠላሳ ኒውተን ይሄዳል!»

ሳምራዊት በሳቅ ፈነዳች። «ጋሽ ሙሀባው፣ እርስዎስ ከአባዬ ይበልጣሉ!»

«ምን ይደረግ እህቴ፣ ሥራው ያስተምራል።»

ቲቸር ትራስ ወረወረብኝ። ከፍተኛው ነጥብ ላይ ቀለብኩት።

እንግዲህ ጥፋቱ የእኔ ነው። የአፌ ጣጣ ነው። አንድ ቀን ምሳ እየበላን «ቲቸር» አልኩት፣ «ጧት ጧት ጡብህ ጨዋ ነው፤ እጄ ድረስ መጥቶ ሰላም ይለኛል። ከሰዓት በኋላ ግን ሳይደርስ ይመለሳል። ምን አስቀይሜው ነው?»

«ውሸት! እኩል ነው የምወረውረው።»

«እኩል ከሆነማ ትናንት ለምን ሃያ ጊዜ ‹ወርውር እንጂ ቲቸር!› ብዬ ጉሮሮዬ ደረቀ?» እውነቴን ነበር። ያጠረው ጡብ ወደ እሱ ይመለሳል፤ እሱ ዘወር ብሎ ያሳልፈዋል፣ ካልተሰበረ ጎንበስ ብሎ ያነሳና እንደገና ይወረውረዋል። እኔ ደግሞ ከመጎንበስ መጮህ ይቀለኛል።

ቲቸር እልህ ያዘው። ወንዶሰን የግንበኛውን ሜትር አመጣ። በማግስቱ ጧት የሰቃላው ብረት ላይ በጠመኔ ምልክት አደረግን፤ ጡቡ ከእጁ ከሚወጣበት ቦታ ተነስቶ አንድ ሜትር ከሰማንያ ይወጣል። ድንቅ ነው፣ እጄ ያለው ልክ እዚያ ነው። ከሰዓት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ እንደገና ለካን። አንዴ፣ ሁለቴ፣ አሥር ጊዜ። አንድ ሜትር ከሃምሳ ምናምን ላይ ይቆምና ይመለሳል።

«ተረታህ!» አልኩት ከላይ ሆኜ እየጨፈርኩ።

ትንሽ ከፋው መሰለኝ። ከዚያ ከሲሚንቶ ከረጢት ላይ ወረቀት ቀደደና መጻፍ ጀመረ፣ ወዲያው ፊቱ በራ። «አምስት ነጥብ አምስት! ጧት ስድስት፣ ከሰዓት አምስት ነጥብ አምስት ሜትር በሰከንድ! እንዴት ያለ የሚያምር ቁጥር ነው!» መድከሙን የሚነግረው ቁጥር የሚያምረው ሰው እሱን ብቻ ነው ያየሁት።

ማታ ጥያቄ አድርጎ ጻፈና ፎቶ አንስቶ ላከላት። እኔም አይቼዋለሁ፣ ወንዶሰንም አይቶታል። ሦስታችንም አንድ ነገር እንኳ አልጠረጠርንም። እንዲህ ይላል፦ «ሠራተኛው ጧት ጡቡን በ6 ሜትር በሰከንድ ቀጥ አድርጎ ወደ ላይ ይወረውራል። ከሰዓት በኋላ ስለሚደክመው ፍጥነቱ ወደ 5.5 ይወርዳል። ጡቡ ከጧቱ ስንት ሳንቲሜትር ያንሳል? የአየር ግጭትን ችላ በይ።»

ሳምራዊት በአንድ ሰዓት ውስጥ የምትመልስ ልጅ ናት። በዚያ ማታ መልስ የለም። በማግስቱም የለም። ሲደውልላት «አሞኛል አባዬ፣ ነገ» ብላ ትዘጋለች። በሦስተኛው ቀን ቲቸር ሰው መምሰል አቆመ። «አንድ ነገር ሆናለች። ፈተናው አስፈርቷት ይሆን?» ይለኛል ጡቡን ይዞ እየቆመ። «አብሽር፣ ኔትወርክ ነው» እለዋለሁ። እኔንም መቀለዱ አስጠላኝ።

በአራተኛው ቀን፣ ገና ከሥራ እንደገባን ቲቸር ሊታጠብ ሄደ። የእኔ ስልክ ጮኸ። ሳምራዊት ናት። አባቷ ካርድ ሲያልቅበት በእኔ ስልክ ደውሎላት ያውቃል፤ ቁጥሬን ይዛዋለች። ወደ ደረጃው ወጣሁ።

«ጋሽ ሙሀባው፣ አባዬ አጠገብዎ አለ?»

«የለም፣ እየታጠበ ነው። ምነው ደህና አይደለሽም? ሙከራው እኮ…»

«ጋሽ ሙሀባው፣ ሙከራውን ይተዉት» አለች። «የፊዚክስ መጽሐፍ ውስጥ ሺህ ጥያቄ ሠርቻለሁ። ሰው ይሮጣል፣ ሰው ይገፋል፣ ሰው ይወረውራል። የሚደክም ሰው ግን አይቼ አላውቅም። ጧት ስድስት፣ ከሰዓት አምስት ነጥብ አምስት… ይሄን ሰው አስቦ አያመጣውም። ለክቶ እንጂ። የሚወረውረው አባዬ ነው፣ አይደል?»

ውሸት ፈለግኩ። እንደዚያ ቀን ውሸት ርቆኝ አያውቅም። ኮቱን ላንሳ፣ ሊፍቱን ላንሳ፣ ምን ልበል? ዝም አልኩ፤ ዝምታዬም ነገራት።

ማልቀሷን ሰማሁ። እስክትጨርስ ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ።

«የሚቀልበውስ እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ ልጄ።»

«ትምህርቱን ልተወው ነበር» አለች። «እውነቴን ነው። ሦስት ቀን ደብተር አልከፈትኩም። ፓስፖርት በስንት ቀን እንደሚወጣ ሁሉ ጠየቅኩ።»

«ሳምራዊት፣ በአላህ ይዤሻለሁ፣ አባትሽ ይሞታል። እሱ የሚወረውረው…»

«ይስሙኝ። ዛሬ ጧት ጥያቄውን አወጣሁትና ሠራሁት። ያን ያህል ደክሞት ገብቶ፣ ቁጭ ብሎ ጥያቄ ጻፈልኝ እኮ። እንዴት ሳልሠራው እተኛለሁ? አንድ ሜትር ከሰማንያ ሲቀነስ አንድ ሜትር ከሃምሳ አንድ። ሃያ ዘጠኝ ሳንቲሜትር ገደማ ነው።» አፍንጫዋን ሳበች። «እኔ እዚያ ብመጣ ያቺን ሃያ ዘጠኝ ሳንቲሜትር አልሞላለትም። እርስዎ ግን ይችላሉ። ከሰዓት በኋላ ትንሽ ዝቅ ይበሉለት፣ ጋሽ ሙሀባው። ጡቡ እንዳይመለስበት።»

ምን ይባላል? ስድስት ዓመት ሰቃላ ላይ ቆሜ፣ አንድ ቀን እንኳ ዝቅ ልበል ብዬ አላሰብኩም። የስድስት መቶ ኪሎ ሲሚንቶ ያህል አፈርኩ። አለቀስኩም፣ ምን ይደበቃል።

«እሺ» አልኳት። «ፈተናውስ?»

«እፈተናለሁ። ማወቄን ግን አይንገሩት። ፈተናው እስኪያልቅ አስተማሪ ሆኖ ይቆይ።»

ከመግሪብ በኋላ የቲቸር ስልክ ጢን አለ። «29 ሳ.ሜ ገደማ። ይቅርታ አባዬ፣ ጉንፋን ይዞኝ ነበር።» ሰውዬው አልጋ ላይ ዘለለ፤ የወንዶሰንን ሻይ ደፋበት። «አላልኳችሁም? ጉንፋን ነው! ጉንፋን!» ወንዶሰን ገላውን እየጠረገ እኔን ያየኛል፤ እኔ ግድግዳውን አያለሁ።

በማግስቱ ጧቱን እንደ ወትሮው ቀለብኩ። ከዐስር ሶላት በኋላ ጉልበቴን አጠፍኩና እጄን ከጠመኔው ምልክት ዝቅ አደረግኩት። ቲቸር ወረወረ። ጡቡ መጣ፣ ቆመ፣ አመነታ፣ ያዝኩት። ሌላም ወረወረ፣ ያዝኩት። አንድም አልተመለሰበትም። ከታች ሆኖ በላብ የጨፈገገ መነጽር ስላደረገ እጄ የት እንዳለ አያይም። ወንዶሰን ብቻ አየኝና «አንተ፣ ምነው ተቀመጥክ? ሆድህን ቁርጠት ያዘህ?» ብሎ ጮኸ። «ሥራህን ሥራ!» አልኩት። ወገቤን ሊቆርጠኝ ምንም አልቀረውም። ጸሐይ ስታዘቀዝቅ ቀና ማለት አቅቶኝ ብረቱን ይዤ ነው የወረድኩት።

ቲቸር ግን ፊቱ ወዝቶ እየሳቀ ጠበቀኝ። «አየህ ሙሀባው? አንድ እንኳ አልተመለሰም! ያ ቀን ምን ሆኜ እንደነበር እንጃ፤ ሜትሩ ነው የተሳሳተው።»

«ሜትሩ ነው» አልኩት። «ዛሬስ አንበሳ ሆነሃል።»

ማታ ከኔ ትይዩ ቁጭ ብሎ ሲጽፍ ቆየና፣ ከመላኩ በፊት እንደ ልማዱ ጮክ ብሎ አነበበልኝ። «ሳምሪ፣ ያቺን የጡብ ጥያቄ ሰርዣት። ስህተት አለባት። እንደገና ስንለካ ሠራተኛው አይደክመውም።»

መልሱ ወዲያው መጣ። አነበበውና በኩራት ስልኩን ፊቴ ላይ ደቀነው። «እሺ አባዬ። ሰረዝኳት።»

«እንዲህ ያለ ተማሪ ነው የምወደው» አለ ቲቸር፣ መነጽሩን በሸሚዙ እየጠረገ። «ስህተት ሲነገራት አትከራከርም።»

«ልክ ነህ፣ ቲቸር» አልኩትና ወገቤን ይዤ ወደ ግድግዳው ዞርኩ።